የእሽቅድምድም ጀልባ ሞተር፤ ከሱፐርቻርጀር ወደ ተርቦቻርጀር

በሚኒያፖሊስ ስም የተሰየመችው ጀልባ «ሚስ ሚኒያፖሊስ» እ.ኤ.አ. በ1916 ጎልድ ካፕ የተባለውን የጀልባ እሽቅድምድም ዋንጫ በወሰደች ጊዜ፣ በማግስቱም ዓመት ውድድሩ በዚያችው ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ተደርጎ አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ጋር ዉድ በ«ሚስ ዲትሮይት 2ኛ» ድል በነሣ ጊዜ፣ የጀልባ ኃይል የሚፈለገው በአብዛኛው ሞተሩን በማግዘፍ ነበር። ይኸው ጋር ዉድ በ1932፣ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸውን 4 የፓካርድ ሞተሮች በ«ሚስ አሜሪካ 10ኛ» ላይ አኑሮ፣ በሰዓት 124.86 ማይል፣ ማለት 201 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በመሮጥ የዘመኑን ክብረ ወሰን አጸና።

ሱፐርቻርጀር አየሩን እየጨመቀ ወደ ሲሊንደር ሲያስገባ የሚዞረው በራሱ በሞተሩ ዘንግ ስለሆነ፣ እህሉን ዘርቶ ዘሩን እንደሚበላ ገበሬ፣ ከሚያስገኘው ኃይል ከፊሉን መልሶ ይወስዳል። ተርቦቻርጀር ግን፣ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢውኪ በ1905 ፓተንት ባወጣበት ሐሳብ መሠረት፣ በከንቱ ይባክን የነበረውን ትኩስ ጭስ ተርባይን እንዲያዞር ያስገድደዋል፤ ጥበቡ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ ኃይሉ ዘግይቶ መምጣቱ፣ ጀልባው ከመታጠፊያ ሲወጣ፣ ቀላል የማይባል ነውር ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሊሰንና መርሊን የተባሉት የአውሮፕላን ሞተሮች ከነሱፐርቻርጀራቸው በታላላቆቹ ሃይድሮፕሌኖች፣ ማለት የውሃውን ገጽ እየነኩ በሚበርሩ የእሽቅድምድም ጀልባዎች፣ ላይ ነገሡ። ተርቦው ዘግይቶ ደረሰ፤ የጋዝ ተርባይንም ከ1980ዎቹ ወዲህ ሁለቱንም ቀደማቸው። ተርቦ አሊሰን የተጫነባት የኤድ ኩፐር ጀልባ በ2003 በኤቫንስቪል ያገኘችው ድል፣ በታላላቆቹ ሃይድሮፕሌኖች ምድብ የፒስተን ሞተር የመጨረሻ ድል ሆኖ ይጠቀሳል።