ከአስተናግር እስከ ዳያዚፓም

በጣና ዳር በየአጥሩ ሥር የሚበቅል አንድ ተክል አለ፤ ስሙ አስተናግር። ስሙ ራሱ ምርመራ ነው። የቀመሰው ሰው ከማይታይ ሰው ጋር ያወጋል፣ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒን ግን ዝም ያሰኛል። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ያላንዳች ምልክት ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

ክኒኖቹ የቅርብ ጊዜ ናቸው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጀርመኖቹ ፊሸርና ፎን መሪንግ ባርቢታልን በ1903 አስተዋወቁ፤ የባየር ኩባንያ በ1912 ፌኖባርቢታልን ለገበያ አወጣ። መጠኑ ሲያልፍ ትንፋሽ ያቆማል። ኬሚስቱ ስተርንባክ ያገኛቸው ሊብሪየም በ1960፣ ቫሊየም በ1963 መጡ። ቫሊየም፣ ማለትም ዳያዚፓም፣ ብቻውን ሲዋጥ እምብዛም አይገድልም፤ አረቄ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነው። ምርቃናውን በጨብሲ ሰብሮ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ክኒን የሚደርብ ሰው በጫት አገር አይጠፋም።

እኛ ዘንድ አሮጌው ፌኖባርቢታልም አልተሻረም፤ ርካሽ በመሆኑ የሚጥል በሽታ ሕሙማን ዛሬም ይውጡታል። ይህ ለሐኪሙ ተራ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ የመጣው ማርከሻ ፍሉማዜኒል ዳያዚፓምን ይሽራል፣ ፌኖባርቢታልን ግን አይነካም፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ወይም ክኒኑን ለረጅም ጊዜ የለመደውን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። የመድኃኒቱን ስም አለማወቅ እዚህ ላይ ያስከፍላል።

በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል በር ራሱን ስቶ የሚገባ ሰው ወባ፣ ማጅራት ገትር ወይም የስኳር ማነስ ሊኖርበት ይችላል። ምራቁ ከተዝረከረከና ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ፀረ ተባይ ይጠረጠራል። ልሳኑ ተሳስሮ፣ እግሩ ተወላግዶ፣ በኋላም ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዶት የልብ ምቱና ግፊቱ ግን ደህና ከሆነ፣ ያኔ ዳያዚፓም ይታሰባል። የሽንት ምርመራ ክኒን መዋጡን ይጠቁም እንደሆን እንጂ ሰውየው የደነዘዘው በእሱ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የዳያዚፓም ዘመድ የሆነውን ክሎናዜፓምን ጭራሽ ሊስተው ይችላል። ከዚህ ሁሉ ባዶውን ማሸጊያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የመጣች እናት ትበልጣለች። ችግሩ፣ ነውር ነው ብሎ የሚደብቀው አስታማሚ መብዛቱ ነው።

መዝገቡም የራሱ ታሪክ አለው። ቲስዴልና ጄኔት በ1974 ባወጡት የግላስጎው የንቃት መለኪያ «ደንዝዟል» የሚለው ቃል በኋላ ከ3 እስከ 15 ቁጥር አገኘ። አሥረኛው የዓለም የበሽታዎች ምደባ ስካሩን ኤፍ 13.0፣ በዳያዚፓም ወገን መመረዙን ቲ 42.4 ብሎ ይለያል፤ በስህተት፣ ሆን ተብሎ ወይስ አልታወቀም ብሎም ይጠይቃል። እኔ ሦስተኛውን ምርጫ እወደዋለሁ፤ የሐሜት መዝጊያ ነውና። ክኒኑ ከፋርማሲ የሚወጣው በልዩ ማዘዣ ነው፣ ይጻፋል። ያደረሰው ጉዳት ግን «ራሱን ስቶ መጣ፣ ተሽሎት ወጣ» ተብሎ ካርድ ላይ ሊቀር ይችላል።

እንዲህም ሊጻፍ ይችል ነበር፦ «ከሌሊቱ 5 ሰዓት። ዳያዚፓም 5 ሚሊ ግራም፣ ባዶ ማሸጊያ 1፣ ባለ 10። አረቄ ጠጥቷል፣ እናት እንዳሉት። ግላስጎው 9። ትንፋሽ በደቂቃ 10። ስኳር ተለክቷል፣ ደህና። የወባ ምርመራ ነፃ። ምክንያቱ አልታወቀም፤ ሲነቃ ለብቻው ይጠየቃል።»