የገበያ ቆጠራና የካንሰር መዝገብ፦ ስለ ምዕራብ ጎጃም ገጠር የቀረበ አጭር ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካንሰር ማንን ይበልጥ እንደሚያሠጋ ከጤና መዝገብ ተነሥቶ አስቀድሞ የማመልከት ጥናት ከየት እንደ መጣ ማሳየትና፣ ይኸው ጥናት ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና በዙሪያቸው ላለው ገጠር ምን ያህል ሊያገለግል እንደሚችል መመርመር ነው። ሥራው ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒዩተር የሚካሄድ ስለ ሆነ አዲስ ጥበብ ይመስላል። ሥሩ ግን ቆጠራ ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1775 እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች የሚይዛቸው ካንሰር ከጥቀርሻ የሚመጣ መሆኑን ገለጠ። በ1926 ጃኔት ሌን ክሌይፖን የጡት ካንሰር የያዛቸውን 500 ሴቶች በሽታው ከሌለባቸው 500 ሴቶች ጋር አስተያየች፤ የትዳር፣ የወሊድና የማጥባት ታሪካቸውም ልዩነት እንዳለው አገኘች። ይህ መንገድ እየሰፋ ሄዶ በ1989 ሚቼል ጌይልና ባልደረቦቹ አንዲት ሴት ወደ ፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ስንት እንደ ሆነ የሚገምት ስሌት አወጡ። ስሌቱ የሚጠይቀው ዕድሜዋን፣ የወር አበባ ያየችበትን ዕድሜ፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችበትን ዕድሜ፣ ከጡቷ ናሙና ተወስዶ ስንት ጊዜ እንደ ተመረመረና ከእናቷ፣ ከእኅቶቿ ወይም ከሴት ልጆቿ በሽታው የያዘው መኖሩን ነው። የተሠራውም በአሜሪካ በሚኖሩ ነጭ ሴቶች መዝገብ ላይ ነበር።

በአፍሪካ ግን ሌላ መንገድ ተሞከረ። ዴኒስ በርኪት በ1961 ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ በመኪና ተጉዞ፣ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጠው ዕጢ የሚታይባቸውንና የማይታይባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ አመለከተ። በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ ይገኛል፤ ከደጋ ይጠፋል። ይህ ካርታ ለምርምር በር ከፈተ፤ በ1964ም ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ዕጢ ሕዋሳት ውስጥ ቫይረስ ማግኘታቸውን ገለጡ።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ካንሰር ሳይሆን ዝሆኔ ነው። ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ የእግር እብጠት የያዛቸውን ሰዎች በገበያ ላይ እያስቆጠረ፣ በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድን እንደሚከተል አሳየ። በ2012 የወጣ ጥናት በደብረ ኤልያስና ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቀው በደምበጫ ወረዳ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች 3.3 በመቶው ታመው እንደ ተገኙ ይገልጻል። በ2015 ደግሞ ከመላው ኢትዮጵያ የተሰበሰበው ቆጠራ ከከፍታ፣ ከዝናብና ከአፈር ዓይነት ጋር ተያይዞ፣ 34.9 ሚሊዮን ሕዝብ ለበሽታው በሚያሠጋ ምድር ላይ እንደሚኖር ተገመተ። ግምቱም ፍሬ ያለው ነበር፤ ጫማና የእግር ንጽሕና ትምህርት ወዴት መሄድ እንዳለበት ያሳያልና።

ታዲያ በካንሰር ላይ ይህን ማድረግ ለምን አስቸገረ? አንደኛ፣ ያበጠ እግር በቡሬ ገበያ ለሚያልፍ ሁሉ ይታያል፤ በቀሚስ ውስጥ ያለ የጡት እባጭ ግን አይታይም። ሁለተኛ፣ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። «ነቀርሳ» ስንል ካንሰርን እንላለን፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ግን ቲቢን ማለታችን ነው። ስለዚህ «በነቀርሳ ሞተ» የሚለውን ወሬ ይዞ ቁጥር የሚያወጣ ሰው ሁለት በሽታ በአንድ ስልቻ ይከታል። ሦስተኛ፣ ከሕዝብ ቁጥር ጋር ተገናዝቦ የሚሠራው የካንሰር መዝገብ በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲቋቋም፣ የሚቆጥረው የአዲስ አበባን ነዋሪዎች ነበር። ከቡሬ ገጠር ለሕክምና የመጣች ሴት ሐኪም ቢያያትም በከተማው ስሌት ውስጥ አትገባም፤ ለጎጃምም የሚቆጥራት አልነበረም። ለማካፈያ የሚሆነው የሕዝብ ቁጥርም ከ1984፣ ከ1994ና ከ2007 ቆጠራዎች የሚገኝ ነው።

አሁን የጌይልን ስሌት ለዚህች ሴት እናቅርብላት። ስንት ጊዜ ናሙና ተወሰደልሽ ብትባል መልሷ «አንድም ጊዜ» ነው፤ ይህም በሽታ ስለማያሠጋት ሳይሆን ናሙና የሚወስድ ሐኪም በአቅራቢያዋ ስላልነበረ ነው። እናትሽ በምን ሞተች ብትባል «ደረቷን አሟት» ትላለች። ስሌቱ ግን ሁለቱንም መልሶች «ምንም የለም» ብሎ ይቀበላቸውና ሥጋቷን ዝቅ አድርጎ ያወጣዋል። የመዝገብ አለመኖር የበሽታ አለመኖር ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ጥናት ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፤ እርዳታ በስሌት የሚታደል ከሆነ፣ አስቀድሞ የተረሳው ሰው ሁለተኛ ይረሳልና።

ይሁን እንጂ ስሌት እስኪስተካከል ሁሉ ሥራ ይቁም አንልም። የማኅፀን በር ካንሰር መንሥኤው ቫይረስ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ኢትዮጵያ በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መስጠት ጀምራለች። ለዚህ የእያንዳንዷን ዕድል ማስላት አላስፈለገም።

ለቀረው ግን መጀመሪያው የገጠሩ መዝገብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ የሚይዙት የቤተ ሰብ ማኅደር አለ። በዚያ ላይ የታማሚው ቀበሌና ጎጥ ቢጻፍ፣ ዕድሜው በአካባቢው በታወቀ ዘመን እየተገናዘበ ቢመዘገብ፣ «ነቀርሳ» የተባለውም የትኛው በሽታ እንደ ሆነ ቢለይ፣ ሆስፒታሎችም የሚያክሙትን ሰው አገር ለይተው ቢያስታውቁ፣ ከዓመታት በኋላ የጎጃምን ሰው በጎጃም ቁጥር ለመመዘን ይቻላል። ፕራይስ ካርታውን ያገኘው ሰው ካለበት ገበያ ሄዶ በመቁጠሩ ነው። የካንሰርም ተመራማሪ ወደ ኮምፒዩተሩ ከመቀመጡ በፊት ያንኑ መንገድ መሄድ ይኖርበታል።