የሌሊት ወፍና ጉጉት በምን ይለያያሉ?

ማታ ማታ በመንገድ መብራት ሥር ከፊኩስ ዛፍ ወደ ፊኩስ ዛፍ የምትበርረውን ልጆች «ወፍ ናት» ይሏታል። እኛም በአማርኛ የሌሊት ወፍ ብለናታል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት አዕዋፍ መጨረሻ የተጠራችው አታሌፍ፣ ማለትም የሌሊት ወፍ ናት። ዛሬ በዕብራይስጥ የነጭ ፊት ጉጉት መጠሪያ የሆነው «ቲንሼሜት» የሚለው ስምም እዚያው ይገኛል። ኦሪት በክንፍ የሚበርሩትን አንድ ላይ ቆጠረች፤ የዛሬው የእንስሳት ትምህርት ግን በአካላቸው አሠራር ይለያቸዋል።

በእስራኤል ከ30 በላይ የሌሊት ወፍ ዓይነቶች ሲኖሩ ፍሬ የምትበላው አንዷ ብቻ ናት። ክንፏ ሲዘረጋ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ላባ የላትም፤ ክንፏ በረጃጅም የእጅ ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። እንቁላል አትጥልም፤ አንድ ልጅ ወልዳ ታጠባለች። ልጁም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረቷ ላይ ተጣብቆ አብሯት ይበርራል። በዋሻ ጨለማ መንገዷን የምታገኘው በምላሷ እያንቋቋች፣ ድምፁ ከግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ በማዳመጥ ነው። ዕውር ናት የሚባለው ስሕተት ነው፤ ደህና አድርጋ ታያለች።

ጉጉት ግን እውነተኛ ወፍ ናት፤ ላባ አላት፣ እንቁላል ትጥላለች። ሁለቱ ጆሮዎቿ እኩል ከፍታ ላይ ስላልሆኑ አይጧ የተንኮሻኮሸችበትን ቦታ በድቅድቅ ጨለማ ለይታ ታውቃለች።

በሀገር ቤት የጉጉት ጩኸት መጥፎ ምልክት ነው ሲባል ሰምተናል። እዚህ ግን በቤት ሸአን ሸለቆ የሚገኘው የስዴ ኤሊያሁ ኪቡጽ ከ1983 ጀምሮ የእንጨት ሣጥን እየሰቀለ ጋብዟታል። ጥንዶች ከነጫጩቶቻቸው በዓመት በሺህ የሚቆጠር አይጥ ይበላሉ፤ ለገበሬው የመርዝ ወጪ ይቀንስለታል። ሥራው በኋላ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ፍልስጥኤማውያን ገበሬዎችም ተሻግሯል።

የሌሊት ወፏ ዕድል ሌላ ነበር። ፍራፍሬ ታጠፋለች ተብሎ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ዋሻዎች በመርዝ ጭስ ታጠኑ። በዚያው ዋሻ የሚያድሩትና ነፍሳት በመብላት ገበሬውን የሚጠቅሙት ሌሎቹ የሌሊት ወፎች ክፉኛ ተመናመኑ። ፍሬ በሊታዋ ግን ዛሬም ከተማ ውስጥ መኪናችንንና ግድግዳችንን ታቆሽሻለች፤ ይህ በእርግጥ ያናድዳል።

ወላጆች ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ መሬት ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ በእጅ አትነካም። የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች። ብትነክስ ወይም ብትቧጥጥ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ትንሽ ቢመስልም ሳትዘገዩ በዚያው ቀን ወደ ሊሽካት ሀብሪኡት ወይም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ክትባቱ የሚረዳው ሕመሙ ሳይጀምር ከተወሰደ ነው።