ሱፐርኖቫና የጋማ ጨረር ፍንዳታ፦ ዝምድናቸው እንዴት ታወቀ?

"ምድር በጋማ ጨረር ልትጠፋ ነው" የሚል ቪዲዮ ደርሷችሁ ያውቃል? ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ነገሩ የጀመረው በስለላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር፣ በህዋና በውሃ ውስጥ ኒውክሌር ላለመሞከር ተፈራረሙ። አሜሪካ ግን "ተደብቀው ቢሞክሩስ?" ብላ ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን አመጠቀች። የኒውክሌር ቦምብ ሲፈነዳ ጋማ ጨረር ስለሚለቅ ሳተላይቶቹ እሱን ይጠብቃሉ።

ጁላይ 2 ቀን 1967 ጋማ ጨረር ተመዘገበ። የቦምብ ግን አይመስልም። በቀጣዮቹ ዓመታት ተመሳሳይ ፍንዳታዎች ተደጋገሙ፤ ሲጣራ ምንጫቸው ምድርም ፀሐይም አይደለም። ጉዳዩ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1973 ነው።

ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው?

ከፀሐይ 8 እጥፍና ከዚያ በላይ ክብደት ያለው ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ እምብርቱ ወደ ውስጥ ይደረመሳል፣ ውጪው ይፈነዳል። ይሄ ሱፐርኖቫ ይባላል፤ ብርሃኑ ለሳምንታትና ለወራት ይታያል። የጋማ ጨረር ፍንዳታ ግን ብዙውን ጊዜ በሴኮንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ኤፕሪል 25 ቀን 1998 ቤፖሳክስ የተባለው ሳተላይት አንድ ፍንዳታ መዘገበ። ተመራማሪዎች አቅጣጫውን በቴሌስኮፕ ሲያዩ ሱፐርኖቫ አገኙ፤ 1998ቢደብሊው ተባለ። ጋማ ጨረሩ ግን ከተለመደው በጣም ደካማ ስለነበር "አጋጣሚ ቢሆንስ?" የሚል ጥርጣሬ ቀረ።

መልሱ የመጣው ማርች 29 ቀን 2003 ነው። 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ከሚርቅ ቦታ ኃይለኛ ፍንዳታ ታየ። ተመራማሪዎች ፍካቱን በየቀኑ በየቀለሙ እየበተኑ መረመሩት። ፍካቱ እየደበዘዘ ሲሄድ ከስሩ የሱፐርኖቫ ብርሃን ብቅ አለ፤ ያውም ከ1998ቱ ጋር የሚመሳሰል። ዝምድናቸው ተረጋገጠ።

ታዲያ ሱፐርኖቫ ሁሉ ጋማ ጨረር ይተኩሳል? አይተኩስም። ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ኮከቡ የውጭ ሃይድሮጂኑን ያራገፈና በፍጥነት የሚሽከረከር መሆን አለበት ተብሎ ይታሰባል። እምብርቱ ወደ ብላክ ሆል ሲለወጥ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ቀጭን ጨረር ይወረወራል። እንደ ባትሪ መብራት አስቡት፤ ወደኛ ካልዞረ አናየውም።

ሌላም ምንጭ አለ። ኦገስት 17 ቀን 2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው አጭር ፍንዳታ ተመዝግቧል። ድሮ "ከ2 ሴኮንድ በታች ከሆነ ግጭት፣ ከበለጠ የኮከብ ሞት" ይባል ነበር። በዲሴምበር 2021 ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል የቆየ ፍንዳታ የግጭት ምልክት ስላሳየ ህጉ ሁሌም አይሰራም።

ክትትሉ እንዴት ነው? ጋማ ጨረር ከባቢ አየራችንን አልፎ መሬት ስለማይደርስ መጀመሪያ የሚያየው ሳተላይት ነው። በ2004 የመጠቀው ስዊፍት ፍንዳታ ሲያገኝ ራሱን ወደዚያ ያዞራል፣ መሬት ላሉ ቴሌስኮፖችም ወዲያው ይናገራል። ሱፐርኖቫው የሚደምቀው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ቶሎ የተነሳ ብቻ ሳይሆን የታገሰም ያገኛል።

አሁን ወደ ስጋቱ። ኦክቶበር 9 ቀን 2022 እስከዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ የደመቀው ፍንዳታ የምድርን የላይኛው ከባቢ አየር ነካክቷል፤ ሰው ግን አልጎዳም። ምንጩ 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በቪዲዮ የሚያስፈራሩን ቤቴልጉስም ቢሆን ሃይድሮጂኑን ገና ስላላራገፈ ጋማ ጨረር ይተኩሳል ተብሎ አይጠበቅም። ሲፈነዳ በቀን ጭምር የሚታይ ውብ ብርሃን ይሆናል እንጂ አይጎዳንም።

እና እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ያህል ይርቃል? ምን አይነት ኮከብ ነው? ጨረሩስ ወደኛ ዞሯል? መልስ ከሌለው እለፉት።