«ኢንጂነር፣ ይፈርሳል በልልኝ»

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። መርካቶ ውስጥ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ሁሉ ኢንጂነር ነው። «አርክቴክት ነኝ» ብትል ሰሚ የለህም፤ «የአሮጌ ቤት ጥገና አርክቴክት ነኝ» ያልክ ዕለትማ «እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ትባላለህ። የኔ ሥራ ግን ይኸው ነው። የቢሮው ኃላፊ እኔ፣ ንድፍ አውጪው እኔ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው እኔ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ለመጠየቅ ደጅ የሚጠናውም እኔው ነኝ።

በመርካቶው በርበሬ በረንዳ ላይ ቤት መለካት የራሱ ግብር አለው። ዛላው በጆንያ ተቆልሏል፤ ሴቶቹ ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ፤ ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ ያልፋል። አንተ መሐላቸው ሜትር ስትዘረጋ ብናኙ አፍንጫህ ውስጥ ይገባል። ግድግዳውን ለክተህ ሳትጨርስ ታስነጥሳለህ፣ ቁጥሩም ይጠፋብሃል። «ይማርህ» ይሉሃል፣ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እንደገና ከዜሮ!

መርካቶ እዚህ የሰፈረው በገዛ ፈቃዱ አይደለም። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ነበር፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲገባ ኢግናዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የሚባሉ ባለሙያዎች ለከተማዋ ፕላን አወጡ። ነጩ በአንድ ወገን፣ አገሬው በሌላ ወገን እንዲኖር የሚል ፕላን ነው። የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ። በ1933 ጣልያን ወጣ፣ ገበያው ግን ቀረ። ሰው እንዳይገናኝ ተብሎ የተከለለው ቦታ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚጎራበቱበት፣ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚተራመስበት ሆኖ አረፈው። ፕላን አውጪዎቹ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ፣ ብቻዬንም እስቃለሁ።

ወደ ቤቱ እንመለስ። የሰፈሩ አሮጌ ቤት አሠራሩ ቀላል ነው። ከሥር የድንጋይ መሠረት አለ፤ በላዩ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይቆማል፣ ማገር ያያይዘዋል፣ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ቆርቆሮ እንደ ልብ ተገኘ፣ የሣር ክዳንም እየቀረ ሄደ። ይህ ጭቃ ግድግዳ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ ይመልሳል። ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ እግሩም ውሃ ካላቆረ፣ ሰውን አሳድጎ የልጅ ልጅ ያያል።

ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ ባለሱቁ ደህና ገንዘብ ያገኝና «ቤቴን ላድስ» ብሎ ሲሚንቶ ያስለስናል። ቤቱ ያምርበታል፤ ጎረቤትም ይቀናል። ሲሚንቶ ግን ጭቃን አጥብቆ አይዝም። ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር መንቀሳቀስ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ የቋሚዎቹ እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። የሚጠሩኝ ያኔ ነው። ልስኑን በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ሳደርገው ከጀርባው ባዶ መሆኑ ይሰማል።

«ኢንጂነር፣ በዓይንህ አይተኸዋል። ይፈርሳል ብለህ ጻፍልኝ» ይሉኛል አንዱ ባለሱቅ፣ ሐጂ።

«ሐጂ፣ እግሩ ብቻ እኮ ነው የረጠበው። የበሰበሱትን ቋሚዎች ቀይረን፣ ሲሚንቶውን አንስተን በጭቃ ብናስመርገው ገና ብዙ ዘመን ያገለግልዎታል።»

«እኔ ልብ የለኝም መሰለህ? ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህች ሱቅ ነው። ግን ከጎረቤቶቼ ጋር አክሲዮን ገብቼ ፎቅ ካላቆምኩ ቦታው ለሌላ ይሄዳል።»

ለዚህ ምን መልስ አለህ? ሐጂ ቤቱን ጠልተውት አይደለም። ቤቱም በሕግ የእሳቸው አይደለም። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራዩ ከ100 ብር የማያልፈው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆመ፤ በዚያ ገንዘብ ጣሪያ አይጠገንም። ተከራዩም «ነገ ለማላውርሰው ቤት ለምን ላውጣ?» ይላል። አሮጌው ቤት የሚፈርሰው ግሬደር ሳይመጣ በፊት ነው፣ ከዚህ ላይ ይጀምራል ባይ ነኝ።

የቅርስ አዋጅ የለም ወይ? አለ እንጂ! አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ከተማው ሁሉ አዝኗል። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ከከተማዋ መቆርቆር እስከ 1933 ዓ.ም. ያለውን የአዲስ አበባ ሕንፃ ቅርስ በመጽሐፍ ሰንደውልናል፤ እኔም ግራ ሲገባኝ የምገልጠው እሱን ነው። የመኳንንቱ ቤት ተቆርቋሪ አያጣም። የበርበሬ ነጋዴ ማከማቻ ሲፈርስ ግን ማን ያለቅሳል?

ደግሞ ሁሉም ይዳን አልልም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል የሰው ሀብት ዐመድ ሆነ። ሱቅ በሱቅ ላይ ተደራርቦ፣ መተላለፊያው በዕቃ ተዘግቶ መኖር ቅርስ አይባልም። የተቀጠለ ቆሻሻ ማራዘሚያ ሁሉ ቢነሳ ደስታዬ ነው። እኔ የምሟገተው ለበረንዳው ነው። ቆርቆሮው ወደ መንገድ ዘልቆ በቋሚ ስለተደገፈ ዛላው ዝናብ አይነካውም፣ ፀሐይም አያከስለውም፤ ብናኙም በነፋስ ይወጣል። በመስታወት የተዘጋ ፎቅ ውስጥ በርበሬ ቀንጥሶ መዋል ምን እንደሚመስል የቀነጠሱትን ጠይቋቸው። ፎቁ መሠራቱ ካልቀረ ምድር ቤቱ በረንዳ ይኑረው! ለሐጂም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። ይፈርሳል ብዬ አልጻፍኩላቸውም፤ ስለ ቋሚዎቹና ስለ ልስኑ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። አኮረፉኝ፣ ሻይ ግን አልከለከሉኝም።

በዚህ ይኖራል ወይ? ብትሉኝ፣ አይኖርም። የቤት ኪራዬን የሚከፍሉልኝ ሰሚት ሰፈር የሚሠሩ ቪላዎች ናቸው። የአሮጌ ቤት ልኬት ቀናትን ይበላል፤ እያንዳንዱ ግድግዳ ጠማማ ነውና በአንዱ ልክ ሌላውን አትገምትም። ደንበኛው ደግሞ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ይኸ ያለው ቤት አይደለም እንዴ? አዲስ ነገሩ የታለ?» ይላል። ረዳት ልቅጠር ብዬ ሒሳቡን ስመታው እኔንም የሚቀንስ ሆኖ አገኘዋለሁ።

እናንተ በአሮጌ ጭቃ ቤት የምትነግዱም የምትኖሩም ሰዎች፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ግንቦት ሳያልቅ መሰላል አቁሙና አሸንዳውን ጥረጉ፤ የተበሳውን ቆርቆሮ ቀይሩ፤ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ዝቅ አድርጉ፤ ሲሚንቶ የሚያስለስን ቢመጣ በሩን ዝጉበት። ለዚህ ኢንጂነር መጥራት አያስፈልጋችሁም።