ጥያቄውን ያልደበቀው መጽሐፍ

የሒሳብ ሎጂክን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ለሚማር ሰው የትኛው መጽሐፍ ይሻላል? ክርክሩ አያልቅም። አንዱ ሁሉን የሚያብራራውን ወፍራም መጽሐፍ ይመርጣል፤ ሌላው አጭሩን። የዘርፉ ታሪክ ግን ሌላም መመዘኛ እንዳለ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1928 ዴቪድ ሂልበርት እና ዊልሄልም አከርማን በጀርመንኛ ቀጭን የሎጂክ መማሪያ አሳተሙ። ሂልበርት በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት ሁሉ ስመ ጥር ነበር። መጽሐፉ ግን ሁለት ጥያቄዎች ገና እንዳልተመለሱ ሳይደብቅ ተናገረ። አንደኛው፦ የሎጂክ ሕጎች በየትኛውም ሁኔታ እውነት የሆነውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ለማረጋገጥ ይበቃሉ ወይ? ሁለተኛው፦ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ያለ መሆን አለመሆኑን ደረጃ በደረጃ፣ ያለ ግምት የሚለይ ዘዴ አለ ወይ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ የቪየናው ተማሪ ኩርት ጎደል አነሳው። በ1929፣ በ23 ዓመቱ፣ በዶክትሬት ጽሑፉ ሕጎቹ እንደሚበቁ አረጋገጠ።

ሁለተኛው እስከ 1936 ቆየ። ሂልበርት ዘዴው ይገኛል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። በአሜሪካ አሎንዞ ቸርች፣ በእንግሊዝ አላን ቱሪንግ፣ በየፊናቸው እንዲህ ያለ ዘዴ ከቶ ሊኖር እንደማይችል አሳዩ። "የለም" ለማለት ግን አስቀድሞ "ዘዴ" ምን ማለት እንደሆነ በትክክል መበየን ያስፈልግ ነበር። ቱሪንግ ለዚህ ብሎ በሐሳቡ የሠራት ቀላል ማሽን የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት ሆነች።

ልብ በሉ! የሂልበርትን ተስፋ ያፈረሰው መልስ የመጣው ራሱ በመማሪያው ላይ በግልጽ ላስቀመጠው ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ በዙ። የቸርች ተማሪ የነበረው ስቲፈን ክሊኒ በ1952 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ አንባቢውን በትዕግሥት ይመራል። በ1967 የወጣው የጆሴፍ ሾንፊልድ መጽሐፍ ደግሞ ቁጥብ ነው፤ ትልልቅ ውጤቶችን በመልመጃ መልክ ለተማሪው ይተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የሃርትሊ ሮጀርስ መጽሐፍ በስሌት ንድፈ ሐሳብ ላይ ያተኩራል። ብቻውን ለሚያጠና ክሊኒ ይቀላል፤ መምህር ላለው ሾንፊልድ ያበረታል።

የትኛውም ቢመረጥ ግን መጽሐፉን ገልጦ አንድ ነገር መፈለግ ይገባል፦ የታወቀው የት ላይ እንደሚያበቃ ይናገራል? ሁሉ ነገር ያለቀለት የሚመስል መጽሐፍ ተማሪውን የሌሎችን መልስ ጠባቂ ያደርገዋል። ዳር ድንበሩን የሚያሳይ መጽሐፍ ግን ቀጣዩን ጎደል ሊያፈራ ይችላል።