የናይሮቢ ሙቅ ውኃ፦ ከባቡሩ ቦይለር እስከ ኩኒ ቡስተር

የቤት ቦይለር ውኃን አያፈላም፤ ያሞቃል እንጂ። ሥራው በአራት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። እሳት ወይም ኤሌክትሪክ ሙቀቱን ይሰጣል፤ የብረት ግድግዳ ሙቀቱን ወደ ውኃው ያሳልፋል፤ ቧንቧ የሞቀውን ውኃ ወደሚፈለግበት ይወስዳል፤ ሲሞቅ ለሚሰፋው ውኃ ደግሞ መተንፈሻ ይበጅለታል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሙቅ ውኃ አይገኝም። አራተኛው ሲጎድል ግን ሰው ይጎዳል።

ክረምቱ በረዶ በሆነባቸው አገሮች የዚህ መሣሪያ ዋና ተግባር ክፍል ማሞቅ ነው። በጋዝ ወይም በናፍታ የሞቀው ውኃ በፓምፕ እየተገፋ በየክፍሉ በተተከሉ ራዲያተሮች ውስጥ ያልፋል፤ ሙቀቱን ለክፍሉ ትቶ ቀዝቅዞ ይመለሳል፤ ያው ውኃ እንደገና ይሞቃል። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይ ከደመና እምብዛም በማትወጣበት በሐምሌ እንኳ የሌሊቱ ቅዝቃዜ በአማካይ ከ11 ወይም ከ12 ዲግሪ አይወርድም። ለዚህ ብርድ የሳሎን እሳት ምድጃና ወፍራም ብርድ ልብስ ስለሚበቃ ራዲያተር የከተማዋ ቤቶች ልማድ አልሆነም። የጠዋት ገላ መታጠቢያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የናይሮቢ የቤት ቦይለር ታሪክም በአብዛኛው የመታጠቢያ ቤት ታሪክ ነው።

ትልቁ ቦይለር ወደ ናይሮቢ የመጣው በሐዲድ ላይ ነው። ከሞምባሳ በ1896 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) የተጀመረው የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ በግንቦት 1899 መጨረሻ ረግረጋማ ወደነበረው የናይሮቢ ሜዳ ደረሰ። ቦታው ወደ ኪኩዩ ደጋ የሚወስደው አቀበት ከመጀመሩ በፊት ያለ የመጨረሻው ሰፊ ሜዳ በመሆኑ መጋዘንና የጥገና ጋራዥ ተሠራበት፤ ከተማዋም በዙሪያው በቀለች። እንፋሎት የሚበላው ማገዶ ብዙ ነውና ከ1902 ጀምሮ ለባቡሩ ማገዶ እንዲሆን ባሕር ዛፍ ይተከል ጀመር። በዚያው ዘመን አዲስ አበባም የማገዶ ችግሯን በባሕር ዛፍ ስትወጣ ነበር። ሁለቱን ዋና ከተሞች የሚያመሳስላቸው የዛፍ ጥላ ከአንድ ችግር የመጣ ነው።

ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በ1971 የተከፈተው የባቡር ሙዚየም ይገኛል። በግቢው ከቆሙት ሎኮሞቲቮች አንዱ ማውንት ጌላይ የሚባለው ቁጥር 5918 ነው። በማንቸስተር የነበረው ቤየር ፒኮክ ፋብሪካ በ1955 እና 1956 ለምሥራቅ አፍሪካ ከሠራቸው 34 ጋራት ሎኮሞቲቮች መካከል ሲሆን፣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ከሄዱት የእንፋሎት ባቡሮች ሁሉ ጉልበታሞቹ እነዚህ ናቸው። ክብደታቸው ወደ 250 ቶን ይደርሳል። ቦይለሩ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት የሞተር ክፍሎች መካከል እንደ ድልድይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ጎማ ስለሌለበት አጭርና ወፍራም ሆኖ ሊሠራ ችሏል። የነዳጁ ነበልባልና ጭስ በውኃው መሐል በተዘረጉ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋሉ። አንድ ትልቅ ቧንቧ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ሙቀት ሳይነካ በጭስ ማውጫው ይወጣ ነበር፤ ቱቦው ሲበዛ ግን እሳት የሚያገኘው የብረት ገጽ ይሰፋል።

የዚያ ቦይለር ግፊት ከአየር ግፊት 15 እጥፍ በላይ ነበር። ክፍት ድስት ላይ ናይሮቢ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በማውንት ጌላይ ሆድ ውስጥ ግን 200 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ በግፊቱ ታፍኖ ይቆያል። ባቡሩን የሚጎትተው ይኸው የታፈነ ጉልበት ነው። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጉልበት ፈንጂ ነው፤ የቤት ቦይለር አሠራር ሁሉ ያነጣጠረው ግፊት እንዳይጠራቀም ማድረግ ላይ ነው።

በቅኝ ግዛት ዘመን የናይሮቢ ዳርቻ ቤቶች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ከጓሮ ነበር። 44 ጋሎን፣ ማለትም 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባዶ የነዳጅ በርሜል በጡብ ምድጃ ላይ ይጋደማል፤ ከሥሩ እንጨት ይነዳል። ታንጋኒካ ቦይለር ይሉታል። ተሻሽሎ በፋብሪካና በብየዳ ቤት ሲሠራ ደግሞ ኩኒ ቡስተር የሚል ስም ወጣለት፤ ኩኒ በስዋሂሊ ማገዶ ነው። እንደ ካረንና ላንጋታ ባሉ ሰፈሮች ዛሬም ከቤቱ የኋላ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ጭስ ማውጫው ከጣሪያው በላይ ዘልቆ ይታያል።

ኩኒ ቡስተር ፓምፕም ኤሌክትሪክም የለውም። ቀዝቃዛው ውኃ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ታንከር በራሱ ክብደት ወርዶ ከሲሊንደሩ ታች ይገባል። እሳቱ ሲነድ ከታች ያለው ውኃ ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ይቀልላልም። በ18 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ ወደ 999 ግራም ይመዝናል፤ በ60 ዲግሪ 983 ግራም ገደማ ነው። በመካከል ያለው የ15 ወይም 16 ግራም ልዩነት ብቻውን የሞቀውን ወደ ላይ አንስቶ ቀዝቃዛውን በቦታው ለማስገባት ይበቃል። ለዚህም ነው የሙቅ ውኃው መውጫ ሁልጊዜ ከሲሊንደሩ አናት ላይ የሚበየደው። ቀዝቃዛው ከላይ እንዲገባ ያደረገ ሠራተኛ ባለቤቱን ለብ ባለ ውኃ ሲያሳቅቅ ይኖራል።

ከአናቱ ሌላም ቧንቧ ይነሳል። ይህ ከጣሪያው ታንከር የውኃ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ይወጣና አፉ ወደ ታች ታጥፎ ክፍቱን ይቀራል። 200 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ውኃ ደግሞ ተጨቁኖ የማይጠብ ነገር ነው። ትርፉ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፤ ማገዶ በዝቶ ውኃው ቢፈላም እንፋሎቱ በዚሁ ክፍት አፍ ይወጣል። ያንጠባጥባል ተብሎ በቡሽ ወይም በቫልቭ የተዘጋ መተንፈሻ ሰላማዊውን በርሜል ወደ ባቡሩ ዓይነት ቦይለር ይለውጠዋል፤ የባቡሩ ውፍረትና የደህንነት ቫልቭ ግን የሉትም። በጠቅላላው አሠራር ውስጥ ከዚህች ቀጭን ቧንቧ የሚበልጥ ቁም ነገር የለም።

ለናይሮቢ ኤሌክትሪክ የሚያቀርብ ድርጅት የተመሠረተው በ1908 ነው፤ በ1922 ከሞምባሳው ጋር ተዋሕዶ ኢስት አፍሪካን ፓወር ኤንድ ላይቲንግ ሆነ። ኤሌክትሪኩ ቤት ሲገባ እሳቱን የማሞቂያ ሽቦ ተካው። ሽቦው በመዳብ ቱቦ ታሽጎ ሲሊንደሩ ውስጥ ይነከራል፤ ቴርሞስታት የተወሰነው ዲግሪ ሲደርስ ያጠፋዋል። መተንፈሻውን ደግሞ በተዘጋው ዓይነት ታንክ ላይ የግፊት ቫልቭ ተክቶታል። 200 ሊትሩን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ ያልታጠቡበት ውኃም ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል።

ይህን ብክነት የሸሸው የመሐል ከተማው አፓርታማ ታንክ አልባውን ሻወር መረጠ። በናይሮቢ በብዛት የሚታየው የብራዚሉ ሎሬንዜቲ ዓይነት ነው። ውኃው ሲከፈት ግፊቱ በሻወሩ ራስ ውስጥ ያለችውን የጎማ ሽፋን ይገፋል፤ ሽፋኗ የኤሌክትሪኩን ማገናኛ ትዘጋለች፤ ውኃው በጋለው ሽቦ ላይ አልፎ ይወርዳል። ጉልበቱ 5.5 ኪሎ ዋት ከሆነ ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ማድረስ የሚችለው በደቂቃ ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሙቀት የፈለገ ሰው ውኃውን የሚያሳንሰው፣ በጣም ሲያሳንሰው ደግሞ ድንገት የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ይህ ነው፤ ግፊቱ ሲደክም ሽፋኗ ትመለሳለች፣ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። ኤሌክትሪክና እርጥብ ገላ እዚህ ሻወር ላይ የሚለያዩት በትንሽ ርቀት ስለሆነ መሬት የሚገባው ሽቦ በትክክል መታሰሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

በ2012 ኬንያ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ደንብ አወጣች። በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሙቅ ውኃ የሚያስፈልገው ሕንፃ ከዓመታዊ ፍላጎቱ ቢያንስ 60 በመቶውን ከፀሐይ እንዲያገኝ ደንቡ ያዝዝ ነበር። ጣሪያ ላይ የሚታዩት ጥቁር ሰሌዳዎችና የመስታወት ቱቦዎች የሚሠሩት በኩኒ ቡስተር ሕግ ነው፤ ታንካቸው ከሰሌዳው በላይ የሚጋደመው የሞቀው ውኃ በራሱ እንዲወጣበት ነው። ደመናማው ሐምሌ ሲመጣ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይረዳዋል።

ያ ኤሌክትሪክ ራሱ በአብዛኛው ከቦይለር አይመጣም። በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በኦልካሪያ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ በ1981 ሥራ ጀመረ፤ በ15 ሜጋ ዋት የተነሳው የእንፋሎት ኃይል ዛሬ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። እዚያ እሳቱን የሚያነደው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ አዲስ አበባን በፍልውኃ ዙሪያ እንድትቆረቆር ካደረገው ሙቀት ጋር ዝምድና አለው። ከኅዳር 2022 ጀምሮ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ ሱስዋ በሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ኢትዮጵያ ለኬንያ ኃይል ትሸጣለች። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የተዋዋሉት 200 ሜጋ ዋት፣ በመስመር ላይ የሚባክነው ሳይታሰብ፣ በአንድ ጊዜ ለተከፈቱ ከ36,000 በላይ ባለ 5.5 ኪሎ ዋት ሻወሮች ይበቃል።